ካሜራው ያያል፤ ርቀቱን ማን ይነግረዋል?

የአንድ መኪና አስመጪ ድርጅት የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። የተማርኩት ቢዝነስ ማኔጅመንት ነው፤ ስለ መኪና የማውቀው ከሥራው ጋር የመጣውን ያህል ነው። ሥራዬ በአጭሩ ቃል መምረጥ ነው። "ምቹ" ልበል ወይስ "ቅንጡ"? "ቆጣቢ" ልበል ወይስ "ኪስ የማይጎዳ"? አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ማንንም አይጎዳም። ባለፈው ዓመት ጠረጴዛዬ ላይ የመጣው አንድ ሐረግ ግን የተለየ ሆነብኝ፤ "ራሱን በራሱ የሚነዳ"።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የአዲስ አበባ መንገድ በኤሌክትሪክ መኪና መሞላቱን ሁላችሁም ታዘባችሁ ይሆናል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ዙሪያቸውን በካሜራና በሴንሰር የታጠሩ ናቸው። ወደ ኋላ ስትሄዱ ምስል ያሳያሉ፣ ግድግዳ ስትጠጉ ይጮኻሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በመንገድ መስመር መካከል ራሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከፊት ያለው መኪና ሲቆም እነሱም ይቆማሉ። ለብሮሸሩ የተሰጠኝ ሞዴል እንደዚህ ዓይነት ነበር። የሽያጭ ክፍሉ ደግሞ ያንን ሐረግ በትልቁ ፈለገው።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ያንኑ ሞዴል ለአባታችን ሊገዛ እያሰበ ነበር። ነገሩ ከብሮሸር አልፎ ቤታችን የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

አባዬ እና የግራ ዓይናቸው

አባዬ ዕድሜ ልካቸውን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። በመጀመሪያ አሰብ፣ ኋላም ጅቡቲ ሲመላለሱ ነው እኛን ያሳደጉን። ጡረታ ከወጡ በኋላም መሪ አልተዉም። ጠዋት እናቴን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ፣ ከሰዓት የወንድሜን ልጆች ከትምህርት ቤት ያመጣሉ። ለእሳቸው መንዳት ማለት ቤት ውስጥ አሁንም የሚፈለጉ ሰው መሆን ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የግራ ዓይናቸው በግላኮማ መጎዳቱን ሐኪም ነገረን። የቀኙ ደህና ነው፤ ጋዜጣ ያነባሉ፣ ሰው ከሩቅ ይለያሉ። ግን እናቴ ቡና ስታቀርብላቸው ስኒውን ለመያዝ እጃቸው ትንሽ ቀድሞ ይዘጋል። ከግቢ ሲወጡ የበሩን ቋሚ ሁለት ጊዜ ነኩት። ወንድሜ መፍትሔ ያለው ይህን መኪና ነው። "ዓይናቸው ያላየውን መኪናው ያይላቸዋል" አለኝ። እኔም "እስቲ መጀመሪያ ምን እንደሚያይ ልጠይቅ" አልኩት።

ወርክሾፓችን ውስጥ አንድ ወጣት ቴክኒሻን አለ። ትዕግሥቱ ብዙ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ "ይሄ መኪና ምን ያያል?" ስለው አንድ ዓይኔን እንድጨፍን ነገረኝና ክዳኑ የተነቀለ እስክሪብቶ ሰጠኝ። "አሁን እጅሽን ዘርግተሽ ክዳኑን ከጎን በኩል ግጠሚው።" ሁለት ጊዜ ሳትኩት። ሁለቱንም ዓይኔን ስከፍት ወዲያው ገጠመ። እናንተም ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ሞክሩት። ሁለት ዓይኖቻችን ትንሽ ስለሚራራቁ አንዱን ነገር ትንሽ ከተለያየ ቦታ ያዩታል፤ አንጎላችን ከዚያች ልዩነት ርቀትን ያሰላል። አንዱ ዓይን ሲጠፋ ነገሩ ምን እንደሆነ ማወቅ አያቅትም፤ የሚቸግረው የት ጋ እንዳለ ማወቅ ነው።

"አንድ ካሜራም እንደዚያው ነው" አለኝ።

ካሜራ የሚያውቀውና የማያውቀው

ካሜራ ለመኪና ትልቅ ሀብት ነው። ቀለም ይለያል፤ ቀይ መብራትን ከአረንጓዴ፣ ነጭ መስመርን ከቢጫ። ጽሑፍ ያነባል። ሰውን ከአህያ፣ ባጃጅን ከሚኒባስ የሚለየው እሱ ነው። ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን የሚያነሳው ነገር ጠፍጣፋ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ ትንሽ ሆኖ የሚታይ መኪና በእውነት ሩቅ ያለ ትልቅ መኪና ሊሆን ይችላል፤ ቅርብ ያለ ትንሽ መኪናም ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ከመጠን፣ ከጥላ፣ ምስሉ ከሚያድግበት ፍጥነት ተነሥቶ ርቀቱን ይገምታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ግን ግምት ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው፣ ሲመሽ፣ ወይም በክረምት ጭቃ ሲረጭበት ደግሞ ይደክማል።

ርቀትን የሚለኩት መሣሪያዎች ሌላ ቤተሰብ ናቸው። የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው፤ አንድ ነገር ይልካሉ፣ ገጭቶ እስኪመለስ ይጠብቃሉ፣ የፈጀበትን ጊዜ ይቆጥራሉ። የሌሊት ወፍ በጨለማ የምትበርበት መላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪና ስናቆም የሚጮኹልን ክብ ክብ ሴንሰሮች ናቸው። የሚልኩት ጆሮአችን የማይሰማው ድምፅ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ማሚቶው በመቶኛ ሰከንድ ከተመለሰ ግድግዳው 1 ሜትር ከ70 ላይ ነው ማለት ነው። ቅርብ ላለ ነገር እንጂ ለሩቅ አይሆኑም።

ሁለተኛው ራዳር ነው። የራዲዮ ሞገድ ይልካል። ዝናብና ጉም ብዙ አይበግሩትም። አንድ ተጨማሪ ጸጋ አለው፤ የአምቡላንስ ድምፅ ሲቀርብና ሲርቅ እንደሚለዋወጥ ሁሉ፣ የሚመለስለት ሞገድም ስለሚለዋወጥ ከፊት ያለው ነገር በምን ያህል ፍጥነት እየቀረበ ወይም እየራቀ እንደሆነ በቀጥታ ያውቃል። ችግሩ ቅርጽ አይለይም። "እዚያ ጋ ብረት ነገር አለ" ይላል፤ መኪና ይሁን የመንገድ ዳር አጥር ግን ለመናገር ይቸገራል።

ሦስተኛው ሊዳር ይባላል። የሚልከው የሌዘር ብርሃን ነው። ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 30 ሜትር ርቆ ካለ ዛፍ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ከሚሊዮንኛ ሰከንድ አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። መሣሪያው ይህን ቆጥሮ፣ በሰከንድ እጅግ ብዙ ጊዜ እየደጋገመ፣ ዙሪያውን በነጠብጣብ ይሥለዋል። የራሱን ብርሃን ይዞ ስለሚሄድ ጨለማ አያግደውም። ሆኖም ቀለም አያውቅም፤ የትራፊክ መብራቱን ምሰሶ ያገኘዋል፣ መብራቱ ቀይ መሆኑን ግን አይነግራችሁም። ጉምና ከባድ ዝናብም ያስቸግሩታል። ዋጋውም ለረጅም ጊዜ ውድ ነበር።

ይህን ለአባዬ እራት ላይ ስነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም። "ይሄማ የእኔና የረዳቴ ነገር ነው" አሉ። ተሳቢ ይዘው ወደ ኋላ ሲሄዱ ረዳታቸው ወርዶ ከኋላ ይቆማል። "ና! ና! ና! ትንሽ... በቃ!" እያለ የመኪናውን ጎን ይደበድባል። "ስፖኪዮው ምን እንዳለ ያሳየኛል። ስንት እንደቀረኝ የሚነግረኝ ረዳቴ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ስፖኪዮው ምንም አያሳይም፤ የረዳቴ ጩኸት ግን ይሰማል" አሉኝ። ለሦስት ሳምንት ያነበብኩትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ሁለቱን እንዴት ያጋቧቸዋል?

ካሜራና የርቀት ሴንሰር መኖሩ ብቻ አይበቃም። ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር መሆኑ መታወቅ አለበት። ኮምፒውተሩ የሊዳሩን ነጠብጣቦች ወስዶ የካሜራው ሥዕል ላይ ያስቀምጣቸዋል። ካሜራው "ይህ ሰው ነው" ያለው ቦታ ላይ የወደቁት ነጠብጣቦች "18 ሜትር" ካሉ፣ 18 ሜትር ላይ ሰው አለ ማለት ነው።

ይህ እንዲሆን ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ በትክክል መስተካከል አለባቸው። ቴክኒሻኑ ወረቀት ላይ አስልቶ አሳየኝ። ካሜራው አንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ 50 ሜትር ላይ ያለው ስህተት 87 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በእግረኛ መንገድ ላይ ያለን ልጅ አስፋልት ላይ፣ አስፋልት ላይ ያለውን ደግሞ እግረኛ መንገድ ላይ ለማስቀመጥ ይበቃል። ሰዓታቸውም መገጣጠም አለበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይጓዛል፤ አንዱ የአሁኑን፣ ሌላው የቅድሙን ቢናገሩ አይግባቡም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ሲሰጡስ የሚለው ነው። እዚህ ጋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ለምሳሌ ያህል አንዱ "20 ሜትር ነው፤ ሁለት ሜትር ልሳሳት እችላለሁ" ይላል እንበል። ሌላው ደግሞ "18 ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር ልሳሳት እችላለሁ" ይላል። እንዲሁ አማካዩን ወስደን 19 አንልም። ይበልጥ ለሚታመነው የበለጠ ክብደት እንሰጣለን። በሒሳቡ ሕግ መሠረት የስህተቱ መጠን በካሬ ስለሚታይ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አራት እጥፍ ይመዝናል፤ መልሱም 18 ሜትር ከ40 ይሆናል። እኔን ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የመልሱ ስህተት አንድ ሜትር አይደለም፤ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ማለትም ደካማው ምስክር ጨምሮ የሁለቱ ድምር ከብርቱው ምስክር ብቻ ይሻላል። አበው "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" ያሉት ልክ ነው።

ይህን ዓይነት ሒሳብ ያለማቋረጥ፣ ነገሮች እየተንቀሳቀሱ እያለ ለመሥራት የሚያስችለውን ዘዴ በሃንጋሪ የተወለደው ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 አሳተመ። ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ መንኮራኩሮች ያሉበትን ቦታ ለማወቅ ተጠቅመውበታል። ዛሬም በብዙ የመኪና ሴንሰሮች ጀርባ ይኸው ሐሳብ አለ።

የበረሃው ውድድር

የዚህን ቴክኖሎጂ ታሪክ ሳነብ በጣም የወደድኩት አንድ ውድድር አለ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም የሆነው ዳርፓ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 ሹፌር የሌላቸው መኪኖች በሞሃቪ በረሃ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሮጡ ውድድር አዘጋጀ። ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ማንም አልወሰደውም። ከሁሉም ርቆ የሄደው መኪና 12 ኪሎ ሜትር እንኳን አልሞላም።

በዓመት ከምናምኑ፣ በጥቅምት 2005፣ ሽልማቱ 2 ሚሊዮን ሆኖ ውድድሩ ተደገመ። በዚህ ጊዜ አምስት መኪኖች 212 ኪሎ ሜትሩን ጨረሱ። ያሸነፈው "ስታንሊ" የተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቮልስዋገን ቱዋሬግ ሲሆን የፈጀበት ከ7 ሰዓት ያነሰ ነው። ቡድኑን የመራው ሰባስቲያን ትሩን ነበር።

ስታንሊ ጣራው ላይ አምስት የሌዘር መለኪያዎች ነበሩት። ሌዘሮቹ መንገዱን በትክክል ይለካሉ፤ ግን አስተማማኝ የሆኑት ሃያ ምናምን ሜትር ድረስ ብቻ ነው። በዚያ ርቀት ብቻ የሚያይ መኪና በፍጥነት ሊሄድ አይችልም፤ ድንጋዩን ሲያገኘው ፍሬን ለመያዝ ይመሽበታል። ካሜራው ደግሞ ሩቅ ያያል፤ ነገር ግን ከሚያየው ውስጥ መንገዱ የቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት አያውቅም። ቡድኑ ያደረገው ሌዘሩን የካሜራው አስተማሪ ማድረግ ነው። ሌዘሩ "ከፊትህ ያለው ይህ መሬት ለጥ ያለ ነው፣ ይነዳበታል" ሲል ካሜራው የዚያን መሬት ቀለም ያጠናል። ከዚያ ሩቅ ቀና ብሎ ተመሳሳይ ቀለም ያለውን ይፈልጋል። መሬቱ ቀለሙን ሲቀይር ትምህርቱም እንደገና ይታደሳል። ስለዚህ መኪናው ሌዘሩ ከሚደርስበት አልፎ እያየ መፍጠን ቻለ።

ዛሬ የጎግል እህት ኩባንያ የሆነው ዌይሞ በአሜሪካ ከተሞች ሹፌር በሌላቸው ታክሲዎች ሰው ያመላልሳል። በፊኒክስ ከተማ ለሕዝብ ሙሉ በሙሉ ያለ ሹፌር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ያስተዋወቀው ስድስተኛ ትውልድ መሣሪያ 13 ካሜራ፣ 4 ሊዳር እና 6 ራዳር አለው። ቴስላ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል። ሰው የሚነዳው በዓይኑ ከሆነ ብዙ ካሜራና ጎበዝ ኮምፒውተር ይበቃል ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በሰሜን አሜሪካ ከሚሸጣቸው ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ መኪኖች ራዳሩን አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የድምፅ ሴንሰሮቹንም ማስወገድ ጀመረ። ሁለቱ ወገኖች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የካሜራ ብቻ ደጋፊዎች የሚያነሱት አንድ ጥሩ ነጥብ አለ፤ ሴንሰር ሲበዛ አለመስማማትም ይበዛል።

ሴንሰሩ አይቶ፣ መኪናው ሳይገባው ሲቀር

ወንድሜን ለማሳመን ስል ስለ ሁለት አደጋዎች አነበብኩ። ለእናንተም ላካፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ቴስላ ሞዴል ኤስ አውቶፓይለት የተባለው የሹፌር ማገዣው ተከፍቶ እየሄደ፣ መንገዱን ሲያቋርጥ ከነበረ ተሳቢ ሥር ገባ። ሹፌሩ ሞተ። ኩባንያው ያኔ እንደገለጸው የተሳቢው ነጭ ጎን ከብሩህ ሰማይ ጋር ተመሳስሎ ሥርዓቱም ሹፌሩም አላዩትም። መኪናው ካሜራም ራዳርም ነበረው። ሁለቱ በአንድነት የተሠሩት ከፊት በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ መኪናን ለመከተል እንጂ ከጎን የሚያቋርጥን ለመለየት አልነበረም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በአሪዞና ቴምፒ ከተማ የደረሰው ነው። ኡበር ሲሞክረው የነበረ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች በምሽት መንገድ ስታቋርጥ የነበረች ሴት ገጭቶ ገደለ። መኪናው ካሜራ፣ ራዳር እና ሊዳር፣ ሦስቱም ነበሩት። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ ሥርዓቱ ሴትየዋን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አግኝቷት ነበር። ግን ማን እንደሆነች አልቆረጠም። አንዴ መኪና፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት አላት። ስያሜውን በቀየረ ቁጥር ደግሞ ቀድሞ የት እንደነበረች ያለውን መረጃ ይጥለው ነበር፤ ስለዚህ ወደ መኪናው መንገድ እየመጣች መሆኗን አላሰላም። መሪው ኋላ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ደግሞ ዓይኗ መንገዱ ላይ አልነበረም።

5.6 ሰከንድ ብዙ ነው። ቀስ ብላችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ መኪናውን ማቆም ይቻል ነበር።

ከዚህ የገባኝ፣ ብዙ ሴንሰር መኖሩ አስፈላጊ ቢሆንም የሚያዩትን ሰብስቦ የሚፈርደው ካልበሰለ ዋጋ የለውም። እስኪበስል ድረስ ደግሞ ፈራጁ ሰው ነው።

የአባዬ ጥያቄ

አንድ ቅዳሜ አባዬንና ወንድሜን ወደ ማሳያ ክፍላችን ወሰድኳቸው። ቴክኒሻኑ መኪናውን አስነሥቶ ሁሉንም አሳያቸው። አባዬ በትዕግሥት አዩ። ዙሪያውን የሚያሳየውን ካሜራ ወደዱት። "ና ና የሚለው ረዳት ገባ" ብለው ሳቁ። ወንድሜ አንገቱን ነቀነቀ፤ አለቀ ብሎ ነበር።

ከዚያ አባዬ ጠየቁ። "ልጄ፣ ካሜራው አንድ ነገር ቢል፣ ራዳሩ ሌላ ቢል፣ ማን ነው የሚዳኛቸው?"

ቴክኒሻኑ ትንሽ ዝም ብሎ "አባባ፣ ኮምፒውተሩ ይሞክራል። ካልቻለ ድምፅ አሰምቶ ለእርስዎ ይተውልዎታል" አላቸው።

"ስንት ጊዜ ይሰጠኛል?"

"እንደ ሁኔታው ነው። አንዳንዴ ምንም ላይሰጥዎት ይችላል። መጽሐፉም ላይ ሁልጊዜ መንገዱን ይመልከቱ፣ እጅዎን ከመሪው አያንሱ ነው የሚለው።"

አባዬ መሪውን ይዘው ለጥቂት ጊዜ ተቀመጡ። ማንም አልተናገረም። ከዚያ "እንግዲያው ዳኛው እኔ ከሆንኩ ዳኛው አንድ ዓይን ነው ያለው" አሉና ወረዱ።

አንድ ዓይን ያለው ሰው መንዳት አይችልም ማለቴ አይደለም። ለምደው በጥንቃቄ የሚነዱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ የሚወስነውም ሐኪም ነው። አባዬ ግን ሐኪሙ ቀኙም መከታተል እንዳለበት የነገራቸውን ያውቃሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ማን ኋላ እንደሚያስቀምጡም ያውቃሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ቁልፋቸውን ለወንድሜ ሰጡት። እኛ ልንላቸው ስንፈራ የከረምነውን እሳቸው ራሳቸው አሉት። እናቴ የዚያን ዕለት ቡናውን ሦስተኛ ድረስ አፈላች፤ ስለ መኪና አንድም ቃል አልተነሣም።

አሁን ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ወንድሜ ነው፤ አባዬ ከጎኑ ይቀመጣሉ። ወንድሜ እንደሚለው ከመኪናው ሴንሰር ይልቅ አባዬ ብዙ ይጮኻሉ።

ከሐረጉ ጋር ያደረግነው ትግል

ለሥራ አስኪያጃችን ሦስት ገጽ ጻፍኩ። የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው ኤስ.ኤ.ኢ. መኪናን ከ0 እስከ 5 በስድስት ደረጃ እንደሚከፍል፣ የእኛ ሞዴል ደረጃ 2 መሆኑን፣ በደረጃ 2 ሹፌሩ ሁልጊዜ ተጠያቂ መሆኑን አስረዳሁ። በካሊፎርኒያ ከ2023 ጀምሮ እንዲህ ያለውን መኪና "ራሱን የሚነዳ" ብሎ ማስተዋወቅ በሕግ መከልከሉን፣ መኪኖቹ በሚመጡባት በቻይናም እ.ኤ.አ. በ2025 መንግሥት አምራቾችን በማስታወቂያ እንዳያጋንኑ ማስጠንቀቁን ጨመርኩ።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ "ሌሎቹ ይሉታል እኮ" አሉኝ። ሁለት ቀን አቆይተው ጠሩኝና "ምን እንበል ታዲያ?" አሉ። "ሹፌሩን የሚያግዝ" አልኳቸው። "ይሄ ይሸጣል?" አሉ። "ገዢው ቤት ሰው አለው" አልኳቸው። ፈረሙ። የሽያጭ ባልደረቦቼ እስካሁን ትንሽ ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ

እንደ ሻጭ ሳይሆን እንደ አንዲት የቤተሰብ ልጅ፣ እነዚህን ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ። መኪናው ርቀት የሚለካው በምንድን ነው፤ በካሜራ ግምት፣ በራዳር ወይስ በሊዳር? ደረጃው ስንት ነው? ሻጩ "ራሱን ይነዳል" ካላችሁ መጽሐፉን አስከፍቱና ስለ ሹፌሩ ኃላፊነት የሚለውን አንብቡ። የፊት መስታወት ሲቀየር በላዩ ያለው ካሜራ እንደገና መስተካከል አለበት፤ የሚያስተካክል መሣሪያ ያለው ጋራዥ የት እንዳለ አጣሩ። መስመር ጠብቆ የሚሄደው መኪና የሚሄደው መስመር ሲኖር ነው። በኮሪደር ልማቱ አዲስ መስመር የተቀባበት መንገድ ላይ የሠራላችሁ፣ መስመሩ የጠፋበት መንገድ ላይ ሊተዋችሁ እንደሚችል አስቡ።

በክረምት ካሜራውንና ሴንሰሮቹን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጭቃ የሸፈነው ካሜራ እንደተጨፈነ ዓይን ነው።

ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ደግሞ አንድ ልጨምር። የኋላ ካሜራውም የሚጮኸው ሴንሰርም እያንዳንዳቸው የማያገኙት ቦታ አላቸው፤ በተለይ ከመኪናው ጋር ተጠግቶ መሬት ላይ የተቀመጠ ትንሽ ልጅ ሊያልፋቸው ይችላል። ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ዙሩት፣ ልጆቹ የት እንዳሉ በስማቸው ጠርታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ።